አኩራፊው ደራሲና አኩራፊው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ዓመታት አልፈዋል። ታላቅየው በእንግዳ ፊት፣ «አንተ ቁልፍህን ትከል፤ መጽሐፉን ለተማረ ተወው» ብሎት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተማረ ሲወጋማ ይብሳል።

ዛሬ ግን የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ የሚወደውን አሜሪካዊ ደራሲ ሕይወት የምታስተዋውቅ ስስ መጽሐፍ እያነበበ ፊቱ በርቷል።

«ስሚማ!» አለ ሚስቱን። «ደራሲው ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ነበር። ምርጥ ልቦለዶቹን የጻፈውም ያኔ ነው! ኩርፊያ እኮ ሥራ ያሠራል።»

«አንተንማ አሠርቶህ ሞቷል! ትናንት የሰው ሱሪ ኪሱን ደፍነህ አይደል የሰፋኸው? ይልቅ ገጹን ግለጥ።»

ገለጠ። ደራሲው ወንድሙ ቤት ቢሄድ፣ የገዛ ልቦለዶቹን ከመነበብ ብዛት ሽፋናቸው ተላቆ አገኛቸው፤ በዚያው ታረቁ ይላል። ልብስ ሰፊው ፊቱን አጨፈገገ።

«ይቺ ማስተዋወቂያ ናት፣ ምን ታውቃለች! ሙሉውን የሕይወት ታሪክ ባገኝ ሌላ ይል ነበር።»

«ሙሉውማ ወንድምህ መደርደሪያ ላይ አለ። ልጆቹን ልጠይቅ ስሄድ አይቼዋለሁ።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ጫማውን አጠለቀ።

«ለመጽሐፉ ብዬ ነው» አለ በሩ ላይ ቆሞ፤ «ለሱ አይደለም!»

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ» አለች እየሳቀች። «ብቻ እራት ብላ ሲልህ አትግደርደር።»