ስሙ የተዛወረበት ሥዕል

ጆሳያ ፔንፎልድ ሎንዶን ውስጥ የፌዝ ሥዕል እያተመ ይሸጣል። ሀብቱ ሁሉ የሱቁ መስታወት ነው፤ ሥዕሉን የሚሰቅለው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ የውጭ ስንዴ እንዳይገባ ከልክሎ ባለርስቶችን የሚጠቅመውንና ዳቦ የሚያስወድደውን ሕግ ደግፏል የተባለ ሁሉ መስታወቱ በድንጋይ ይረግፍ ነበር።

ጆሳያ ሕጉን የሚነቅፍ ሥዕል አትሞ ሰቀለ። ቦርጫም ባለርስት ዳቦ ታቅፎ ተቀምጧል፤ አጥንቱ የወጣ ሸማኔ ቆሞ ያየዋል። ጠዋት አንድ ባለርስት ገብቶ አሥር ገዛ።

«ተመስገን፣ የእኛን ችግር የሚረዳ ተገኘ» ብሎት ወጣ።

ጆሳያ ነገሩ አልገባው አለ። ወጥቶ ሥዕሉን አየ። ከቦርጫሙ ሥር «ሸማኔ»፣ ከከሲታው ሥር «ባለርስት» ይላል።

መዳብ ላይ የተቀረጸ ሲታተም ግራው ቀኝ ሆኖ ይገለበጣል። ሠዓሊው ይህን ረስቶ ንድፉን እንዳለ ቀርጾታል። ፊደል የሚቀርጸው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ አልረሳም፣ ስሞቹን ከነቦታቸው ገልብጦ ጻፈ፤ ሲታተም ሰዎቹ ቦታ ተቀያየሩ፣ ስሞቹ ግን ንድፉ ላይ በነበሩበት ቀሩ። ጆሳያም ለሽያጭ ሲጣደፍ ሳያይ ሰቀለ።

ሊያወርደው ሲል መስታወት እየሰባበረ የሚዞረው ሕዝብ ደረሰ። ከፊት ያለው የወደብ ተሸካሚ ድንጋይ ይዟል። አንዱ ጽሑፉን አነበበለት።

«ባለርስት ነው የተራበው? ትቀልዳለህ፣ ባለሱቅ?» አለ ተሸካሚው።

«አይደለም ወንድሜ፣ መዳቡ ላይ ግራ የነበረው ወረቀቱ ላይ ቀኝ ይሆናል።»

«ማን ነው ቀኝ?»

«ቦርጫሙ። ማለቴ፣ መዳቡ ላይ ግራ ነው።»

«እኔ እኮ ቦርጫም ነኝ፤ ግን ሸማኔ አይደለሁም» አለ ከኋላ አንዱ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ምን እንደተባለ ይጠይቃል። ጆሳያ እጆቹን እያወናጨፈ እንደገና ሊያስረዳ ጀመረ፤ መሐል ላይ ለራሱም ጠፋበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል» አለች ሚስቱ ዶርካስ ከውስጥ። ሥዕሉን አወረደች፣ ስሞቹ ያሉበትን ግርጌ በመቀስ ቆርጣ መልሳ ሰቀለችው።

ተሸካሚው ቀርቦ አተኩሮ አየው።

«ይሄን ቦርጫም አውቀዋለሁ» አለ። «ቤቱ ወዲያ ማዶ ነው።»

ድንጋዩን እንደያዘ ሄደ፤ ሰዉም ተከተለው።

«መስታወቱ ተረፈልህ» አለች ዶርካስ።

ጆሳያ ስሞቹ ያልተቆረጡባቸውን የቀሩትን ሥዕሎች ይዞ ቆሟል። «የጠዋቱ ሰውዬ ቢመለስ የቱ ነው ባለርስቱ ልበለው?»

«የፈለግኸው ነው በለው» አለችና መቀሱን አቀበለችው።