ቤታችን ሲደርስ የሚበላሸው ላፕቶፕ

ሐሙስ ዕለት ቪልያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ደጅ ላይ አላራገፈችም። በረዶውን እንደያዘች ገብታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ዝም ብላ ቆመች። እኔ የአተር ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ልጄ እንዲህ ስትቆም መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሞት ነው። አባቷ ግንድ ጭኖ የሚውለው በዚያ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ነው።

«አባትሽ ነው?» አልኳት።

«አይደለም እማ። ላፕቶፑ ነው።»

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የሆነውን ስትነግረኝ ግን ምስጋናው አፌ ላይ መረረኝ።

ሰኞ የባዮሎጂ ማትሪክ አለባት። ቪልያ ላሞቹን ሁሉ በስም ከምትጠራበት ዕድሜ ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ የምትል ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ከሌለ ደግሞ ያ ነገር የለም። ፈተናውን ተማሪዎቹ በየላፕቶፓቸው ነው የሚሠሩት። ላፕቶፑ ግን ያን ዕለት እንደ ወትሮው አይነሳም። እንዳይኮርጁ ተብሎ፣ ትምህርት ቤቱ ከሚያድለው ፍላሽ ነው የሚነሳው። ለዚህም ማሽኑ ገና ሲበራ ከየት ልነሳ ብሎ የሚያየው ቅንብር አለ። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሰማያዊ ገጽ ሆኖ ይመጣል። ተማሪ እንዳይነካካው ኤንሲዮ በፓስዎርድ ይቆልፈዋል። ኤንሲዮ ሒሳብ ያስተምራል፤ ኮምፒውተሮቹም የሱ ኃላፊነት ናቸው።

ሐሙስ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሁሉም ላፕቶፕ ተነሳ። የቪልያ ስክሪን ጥቁር ሆኖ «የሚነሳበት አልተገኘም» አለ። ኤንሲዮ መጣና ቁልፉን ተጫነ። ሰማያዊው ገጽ ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ወለል ብሎ ተከፈተለት።

«ሁሉም እየሰሙ ነው የተናገረኝ» አለች ቪልያ። «‹ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ የቆለፍኩትን የሰበረ ሰው ሌላም ነገር ሳያዘጋጅ አይቀርም› አለ። ነገም እንዲህ ሆኖ ካገኘው ለፈተናው እንደማያስገባኝ ነገረኝ።»

ማማሰያውን አስቀመጥኩት።

«አልነካሁትም እማ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«የዳቦ መጥበሻው ሲያጨስ እንኳ አባትሽን ጠርተሽ ደጅ የምትወጪ ልጅ ነሽ። አንቺ ምን ትሰብሪያለሽ!»

ሳትወድ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ሳህን እያቀረብኩ በልቤ ሁሉን ጨርሼው ነበር። ሰኞ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ስትመለስ አየኋት። «አታላይ» የሚለው ቃል ከስሟ ጋር በከተማችን ሲዞር ሰማሁት፤ ሂዬታቫራ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። በሠላሳ ዓመቷ እንደኔ ዓሣ ማሸጊያው ውስጥ ጎማ ጓንት አጥልቃ ቆማ አየኋት። ሥራዬን አልንቅም። ግን በሐሰት ተወንጅሎ መግባትና ወድዶ መግባት አንድ አይደለም።

ላፕቶፑ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ባለፈው ዓመት የተመረቁ ልጆች ሲጠቀሙበት ኖረው፣ ተወልውሎ ለልጄ የተሰጠ። ባትሪው ከመስከረም ጀምሮ ሞቷል፤ ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ትምህርት ቤቱ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። «ገመድ ይዛ ትሂድ» ነበር መልሳቸው። ልጄም ዓመቱን ሙሉ ገመዷን እንደ ውሻ ማሰሪያ ይዛ ኖረች።

አርብ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከቪልያ ጋር ሄድኩ። በትምህርት ቤቱ ወግ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በሱፍ ካልሲ ገባሁ። በካልሲ ሆኖ መቆጣት ከባድ ነው፤ ሰው እግርሽን እያየ ነው የሚያዋራሽ።

ኤንሲዮን ከክፍሉ በር ላይ አገኘነው። ላፕቶፑን ተቀብሎ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ገመዱን ግን ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ሶኬት ሰካው። መሐል መተላለፊያው ላይ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ከፍታ ተወጥሮ ቀረ። ዓይኔ ከዚያ ገመድ ላይ አልነሳ አለ።

ማሽኑን አበራው። ጥቁር ስክሪን፤ «የሚነሳበት አልተገኘም»። ኤንሲዮ ቪልያን በዓይኑ «አየሽ?» አላት። ሰማያዊውን ገጽ ከፍቶ አስተካከለ፣ ቆለፈ፣ ፍላሹን ሰካ። የፈተናው ገጽ ቁጭ አለ።

«ይኸው» አለ። «እዚህ ይሠራል። ባለፈው ሳምንትም ሠርቷል፣ ትናንትም አስተካክዬላት ሠርቷል። የሚበላሸው ቤታችሁ ሲደርስ ነው።»

«ቤታችን ምን አለ?»

«ስለ ቤታችሁ አላልኩም፣ ኢርሜሊ።»

«አሁን ያልከው ምን ነበር ታዲያ? ስለ ጎረቤት ቤት ነው?»

«ልጆች ናቸው፤ እንዴት እንደሚሰበር ኢንተርኔት ላይ ያያሉ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን መለዋወጫ ላፕቶፕ የሚሰጠው ለተበላሸበት ነው እንጂ ላበላሸ አይደለም።»

«እርስዎ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። እኛ ጋ ከቄስ እስከ ከንቲባ አንተና አንቺ ነው የምንባባለው። «እርስዎ» ከመጣ ወይ ሰውዬው በጣም አርጅቷል፣ ወይ ነገሩ ከርሯል። ኤንሲዮ አላረጀም።

«እርስዎ ልጄ ስትሰብር አይተዋል?»

«ፓስዎርዱ የለም። ፓስዎርድ በራሱ አይጠፋም።»

«አይተዋል ወይስ አላዩም?»

«እማ፣ ቀስ» አለች ቪልያ።

«ቀስ አልልም! ቀስ ያልኩት መስከረም ላይ ነው!»

ጩኸቴን ሰምታ ዳይሬክተሯ ቴሌርቮ ከቢሮዋ ወጣች። የያዘችውን ወረቀት እያነበበች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ቀጥ ብላ ወደ ገመዱ መጣች። ወድቃ ጭንቅላቷ ሲፈነከት፣ ደሙ ወለሉ ላይ ሲፈስ ቀድሞ ታየኝ። ሮጥኩና ገመዱን ከሶኬቱ መነጨቅኩት።

ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ምን ማድረግሽ ነው!» አለ ኤንሲዮ።

«ልትሰነከል ነበር! እንዲህ ገመድ ይዘረጋል? ሕፃናት በሚተላለፉበት?»

«እኔ ሕፃን አይደለሁም» አለች ቴሌርቮ፣ መነጽሯን እያወረደች። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«ነገሩማ ልጄ አታላይ ተብላለች።» ገመዱን እንደያዝኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ኤንሲዮ እጁን እየዘረጋ ገመዱን ይጠይቀኛል፤ እኔ አልሰጥም። «ለምን በባትሪ አልሠራም?» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«የቱ ባትሪ? የሞተው? ደውዬ ነግሬያችሁ የለም ወይ? ‹ገመድ ይዛ ትሂድ› ያለኝ ማነው?»

ኤንሲዮ ቴሌርቮን አየ። ቴሌርቮ ኤንሲዮን አየች።

«ጨርሶ ነው የሞተው?» አላት ቪልያን።

«ጨርሶ። ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምነግርህ፤ ትናንት አልሰማኸኝም።»

ገመዱን ከእጄ ወስዶ፣ አሁን ግን ቅርብ ካለው ሶኬት ሰካው። አበራው። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ «የሚነሳበት አልተገኘም»። ቁልፉን ተጫነ። ሰማያዊው ገጽ ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ተከፈተ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቀን የዘመን መለወጫ ዕለት ይላል፤ ዓመቱ ቪልያ የወተት ጥርሷን ያልነቀለችበት ነው።

ወደ ኤንሲዮ ዞርኩ።

«አሁንስ ማን ሰበረው? እኔ ነኝ? ቴሌርቮ ናት? እጃችንን እያየህ ነበር።»

ኤንሲዮ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ውስጡ ሌላ ትንሽ ባትሪ አለ» አለ። «ሰዓቱንና ይሄን ቅንብር የሚይዘው እሱ ነው። እሱም ሞቷል ማለት ነው። ትልቁም ትንሹም ከሞቱ፣ ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ማሽኑ ሁሉን ይረሳል። ፓስዎርዱንም ቢሆን።»

«ክፍል ውስጥ እኮ ሁልጊዜ ይሠራልኛል» አለች ቪልያ።

«ለተራው ሥራ ከፋብሪካ የመጣበት ቅንብር ይበቃዋል፤ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት ያስተካክላል። የሚያስቸግረው ከፍላሽ ሲነሳ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ልጄ ከዚህ ይዛው በወጣች ቁጥር ይረሳል» አልኩ።

«ይረሳል።»

«ቤታችን ሳይደርስ።»

«ቤታችሁ ሳይደርስ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የባሰ ተናደድኩ። ቀኑ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ትናንትም፣ ባለፈው ሳምንትም። ቀና ብሎ ማዕዘኑን ከማየት ልጄን ሌባ ማድረግ ቀሎት ነበር።

«መለዋወጫ ላፕቶፖቹ ታድለው አልቀዋል» አለች ቴሌርቮ። «ባትሪ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱን ብንጠይቅ ከፋሲካ በፊት አይመጣም። ማሽኑንም እነሱ ካልሆኑ ማንም መክፈት አይችልም፤ ማኅተም አለው።»

«ትንሹ ባትሪ ምን ዓይነት ነው?» አልኩ።

«ክብ፣ ጠፍጣፋ» አለ ኤንሲዮ። «የመኪና ቁልፍ ውስጥ የሚገባው ዓይነት።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። የግንባር መብራት፣ ትርፍ ካልሲ፣ ክብሪት፣ ቸኮላት፣ ከዚያ ባትሪዎቹ። እኔ የመኪናዬ ቁልፍ በብርድ ጫካ መሐል እንደሚሞት የማውቅ ሰው ነኝ። እስካሁን አልሞተም፤ ይሞታል።

ቪልያ በቦርሳዬ ሁልጊዜ ታሾፋለች። አሁን ግን አንዱን አንስታ ለኤንሲዮ አቀበለችው።

ኤንሲዮ ባትሪውን ይዞ ቴሌርቮን አያት። «ማኅተሙስ?»

«እኔ መነጽሬን አላደረግሁም» አለች ቴሌርቮ፣ መነጽሯ ዓይኗ ላይ ተቀምጦ።

ማኅተሙን በጥፍሩ ላጠው። ፈትቶ፣ ቀይሮ፣ ቅንብሩን መልሶ ቆለፈው። ገመዱን ራሴ ነቀልኩ። ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ስመላለስ አስጠበቅኳቸው፤ ከዚያ ሰካሁት። ፓስዎርድ ጠየቀ። በፍላሹም ተነሳ።

«በቃ፣ ተፈታ» አለ ኤንሲዮ፣ እጁን እየጠረገ።

«ምኑ ነው የተፈታው? አዳራሽ ሙሉ ልጅ እየሰማህ ነው አታላይ ያልካት። ሰኞ እነዚያው ልጆች እየሰሙ ይቅርታ ትላታለህ።»

«ከፈተና በፊት ተማሪ አይረበሽም…»

«ኤንሲዮ» አለች ቴሌርቮ።

«እሺ። እላለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ስንቋን አዘጋጀሁ። ወደ ፈተናው የሚገባ ነገር ላይ ጽሑፍ መኖር የለበትምና የጭማቂውን ጠርሙስ በሙቅ ውኃ ነክሬ ወረቀቱን ላጥኩ፣ ቸኮላቱን ገፍፌ በነጭ ወረቀት ጠቀለልኩ። አጃ ዳቦዋንም አገላብጬ አየሁት፤ ዳቦ ላይ ምን ሊጻፍ እንደሚችል እንጃ። አድርሻት ወደ ሥራ ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ዓሣውን ሳይሆን ያንን ጥቁር ስክሪን ነበር የማየው።

ስትወጣ መኪናው ውስጥ እየጠበቅኳት ነበር። በሩን ከፍታ ተቀመጠች።

«ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«ኤንሲዮስ?»

«ተናገረ።»

«ምን አለ? እንዳለው ንገሪኝ።»

«‹የቪልያን ማሽን በተመለከተ የተፈጠረው አለመግባባት ተፈቷል› አለ።»

ሞተሩን አጠፋሁ። አለመግባባት! እኔና እሱ ያልተግባባነው ስለ አየር ጠባይ ነው እንዴ? ቀበቶዬን ፈትቼ በሩን ከፈትኩ።

«እማ! የት ነው?»

«ልግባባው ነዋ!»

ክንዴን ያዘችኝ። «ቁጭ በይ። አልጨረስኩም። ተነሳሁና ‹አለመግባባት አይደለም፣ የሞተ ባትሪ ነው። አንተ ግን ሰብራለች ብለሃል፤ ይቅርታ ትለኛለህ› አልኩት።»

«ሁሉም እየሰሙ?»

«አዳራሹ ሙሉ።»

«እሱስ?»

«‹ይቅርታ ቪልያ፣ ተሳስቻለሁ› አለ። እንዲህ፣ በግልጽ። ከዚያ ፈተናው ተጀመረ።»

በሩን ዘጋሁት። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ከአርብ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ገና አላለቀም ነበር። አሁን ግን የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

«ፈተናውስ?» አልኳት፣ የከፋውን እየጠበቅኩ።

«ስለ ላም ሆድ ጠየቁ» አለች፣ ቀበቶዋን እያሰረች። «አራት ክፍል ያለው። እሱን ገና በስድስት ዓመቴ ነው የማውቀው፤ እማ፣ መኪናውን ንጂ፣ እርቦኛል።»