ያልተበሳው አንገት

ምራቲቱ ስህተቷ ትዝ ያላት እቶኑ ከተለኮሰ በኋላ ነው። ክው ብላ ቀረች።

በዚህ ቤት የሸክላ መልአክ የሚሠራው አካሉ ተነጣጥሎ ነው። እንደ ወተት የቀጠነ ጭቃ በጄሶ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ጄሶው ውሃውን ሲመጥ ጭቃው ዳር ዳሩን ይይዛል፣ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ራስ ለብቻ፣ አካል ለብቻ፣ ክንፍ ለብቻ። ራሱ ከመጣበቁ በፊት አንገቱ በወስፌ ይበሳል፤ ውስጥ የታፈነው እርጥበት በአካሉ ወርዶ ከሥር እንዲወጣ። ካልተበሳ ሙቀቱ ሲበረታ ራሱ ይፈነዳል። መልአክ ነው ብሎ እሳት አይምረውም።

ያን ቀን እቶን የገቡት የመልአክ ምስል የሚሰበስቡ ደንበኞች መደርደሪያቸው ላይ ቦታ ለቀው የሚጠብቋቸው፣ ጎንበስ ብለው የሚያንቀላፉ አዲስ ዓይነት መላእክት ነበሩ። መጋጠሚያው እንዳይታይ ስትለስን፣ ስታስውብ፣ መብሳቱን ረሳችው። የአንዱን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የሁሉንም ነው የረሳችው።

አማቷ የእቶኑ ጌታ ናቸው። በጎረቤት ፊት ሳይቀር "እጀ ወርቅ" ይሏታል። የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ግን ለአንድ የተሰበረ ክንፍ "ዓይንህን እንዳላይ" ብለው ያባረሩ ሰው ናቸው። አሁን እሳቱ ቢጠፋ ሁሉም ይተርፋል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ሽማግሌው የሙቀት መለኪያ አያምኑም። የእቶኑን ማያ ቀዳዳ መሰኪያ ነቅለው ጉንጫቸውን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋሉ፤ እርጥበት ካለ ፊታቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ በዓይናቸው ወደ ውስጥ ያያሉ። እንደ ልማዳቸው አደረጉ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች። ምንም አልሆነም።

"ገና አላላባቸውም" አሉ እየሳቁ። "ሰነፍ መላእክት ናቸው።"

እሷም ከፍርሃቷ ብዛት ሳቀች። ምናልባት አይፈነዱ ይሆናል ብላ ራሷን ሸነገለች፤ የፈራ ሰው ራሱን የማይሸነግልበት ነገር የለም። እሳቸውም እሳቱን ከፍ አደረጉት።

ቆይተው መሰኪያውን ነቅለው እንደገና ጎንበስ ሲሉ ከውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ምራቲቱ ኮታቸውን ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተቻቸው። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ወዲያው ሌላው ፈነዳ፤ ስባሪው በቀዳዳው ተወርውሮ ከበላያቸው አለፈና ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

አማቷ እየዳኹ ሄደው እሳቱን አጠፉ። ፍንዳታው ግን አልቆመም። ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ጧ።

"አንገታቸውን አልበሳሁም፣ አባባ" አለች።

ስለ መላእክቱ ይጮሁብኛል ብላ ተሸማቀቀች። እሳቸው ግን ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቀዳዳውን ያያሉ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ገና እንደለኮሱት።"

"ቅድም ጎንበስ ብዬ ሳይ?"

"አውቅ ነበር።"

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

"ቆመሽ አየሽኝ" አሉ ቀስ ብለው።

እስከ በሩ ሄደው እሷ ቀድማ እንድትወጣ ጠበቁ፤ ጀርባቸውን ሊሰጧት አልደፈሩም።