መጋዙ ምንም አልሆነም

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ክፈፎቹን መልሶ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፋቸው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ማዕዘናቸውን በጣቱ እየነካ አሳየና «እንደገና ሥሩልኝ» ብሎ ወጣ። ተሳድቦ ቢሄድ ይሻል ነበር። አናጢው ስድብ መመለስ ይችልበታል፤ የሰውየው ጨዋነት ግን ከበደው።

በየማዕዘኑ ሁለቱ እንጨቶች ግጥም ማለት ሲገባቸው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ዕድሜውን ሙሉ በር፣ መስኮትና ክፈፍ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ በሥራው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«መጋዙ ነው» አለ። «የሆነ ቦታ ተጣሟል። ሚሊ፣ እስቲ ፈትሺው።»

ሚሊ ልጁ ናት። ቁመቷ ከጠረጴዛው ሳይበልጥ ጀምሮ አንዲት ሚሊሜትር ዝንፍ ካለች ስለምታኮርፍ፣ ዋናው ስሟ ተረስቶ ሚሊ ሆና ቀረች። አሁን ከወርክሾፑ ሥራ ግማሹን የምትሠራው እሷ ናት። ክፈፍ ግን አባቷ ለማንም አይሰጥም፤ እነዚህንም የቆረጣቸው ራሱ ነው።

መጋዙ ክንዱን ወደ ታች ሲስቡት እንጨት በማዕዘን የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። እንጨቱ ከኋላ ካለው መደገፊያ ብረት ጋር ተጣብቆ በግራ እጅ ይያዛል፤ ቀኝ እጅ የሚሽከረከረውን ባለ ጥርስ ዲስክ ያወርዳል። ሊጣመም የሚችልበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሚሊም በአንዱ ተጣሞ እንዲገኝላት በልቧ ትለምናለች። መጋዙ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የእጅ ነው። የአባቷ ግራ እጅ ደግሞ ከጥቂት ወራት ወዲህ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም አይተዋል፤ ሁለቱም አላነሱትም።

ሶኬቱን ነቅላ የማዕዘን መለኪያዋን፣ እስኳድራዋን አነሳች። ክንዱን አወረደችና የእስኳድራውን አንድ ጎን መደገፊያው ላይ፣ ሌላውን በጥርሶቹ መሃል ዲስኩ ላይ አስጠጋች። ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት ፈለገች። የለም። እስኳድራውን አቁማ የዲስኩን ቁመት አየች። እሱም ቀጥ ብሏል።

«እ?» አለ አባትየው። መቆሚያ መቀመጫ አጥቶ ይንጎራደዳል፤ መጥረጊያ ያነሳል፣ ሳይጠርግ መልሶ ይጥለዋል።

«ገና ነኝ አባዬ። አታጣድፈኝ።»

«ማን አጣደፈሽ? ጠየቅኩ እንጂ።»

ምናልባት የተጣመመው እስኳድራው ይሆናል አለች በሆዷ። ጠርዙ በቀና ጣውላ ላይ መስመር አሰመረች፤ እስኳድራውን ገልብጣ ከዚያው ነጥብ ደገመች። ሁለቱ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ሶኬቱን ሰክታ ጣውላውን ለሁለት ቆረጠችው፤ አንዱን ቁራጭ ገልብጣ ከሌላው ጋር ገጠመችው። እንዲህ ሲደረግ ትንሿ ስህተት እጥፍ ሆና ትታያለች። ፀጉር እንኳ አያስገባም። በአርባ አምስት ዲግሪ አራት ቁራጭ አወጣች፤ እነሱም ያለ አንዳች ክፍተት ገጠሙ። ሌላ ቀን ቢሆን እያፏጨች ነበር የምትሠራው። ዛሬ ግን ማዕዘኑ በገጠመ ቁጥር ሌላ ቁራጭ ታነሳለች።

አባትየው ንፋስ ልቀበል ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። ሚሊ ምን እንደነካት ሳታውቀው መፍቻ አንስታ የመደገፊያውን ብሎኖች አላላች፤ አንዱን ጫፍ በመዳፏ ትንሽ ገፋ አድርጋ መልሳ አጠበቀች። ጣውላ ቆረጠች፣ ገለበጠች፣ ገጠመች። አፉን ከፈተ። ዕድሜዋን ሁሉ የተጣመመ ስታቃና የኖረች ልጅ ሆን ብላ አጣመመች፤ እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«አባዬ፣ ና ተመልከት» ብላ ጠራችው። «መደገፊያው ነው። ተንሸራቶ ነበር።»

ቁራጮቹን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሳና አያቸው። ገጠማቸው፣ ለያያቸው፣ እንደገና ገጠማቸው። ከዚያ ፊቱ ፈካ።

«ብዬሽ ነበር» አለ። «ይሄ አሮጌ ቆርቆሮ፣ በስተርጅና ሊያዋርደኝ።»

ዓይኑ እያየ መደገፊያውን ወደ ቦታው መለሰችው። እሱ መጋዙን ሌባ፣ ከሃዲ እያለ እየሰደበ ለክፈፍ የሚሆን ቀጭን እንጨት መርጦ አመጣ። በእርሳስ ምልክት አደረገና ግራ እጁን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። አውራ ጣቱ ለዲስኩ ቅርብ ነው። እጁ በተርገበገበ ቁጥር እንጨቱ ከመደገፊያው ይላቀቃል፣ ይጠጋል፣ እንደገና ይላቀቃል። ሚሊ የሠራችው ሥራ የገባት ያኔ ነው። ክብሩን ያተረፈችለት መስሏት ጣቶቹን ለመጋዝ አሳልፋ ሰጥታለች።

ዲስኩ ጮኸ። ክንዱ መውረድ ሲጀምር ዘላ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባትየው፣ ዲስኩ እያቃሰተ ከቆመ በኋላ።

«ዋሽቼሃለሁ» አለች። «መጋዙ ምንም አልሆነም። አንድ በአንድ ፈትሼዋለሁ። መደገፊያውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። አባዬ፣ እጅህ ነው።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እንጨቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ግራ እጁን በቀኙ ያዘው።

«መጋዙ ደህና መሆኑንማ አውቃለሁ» አለ። «ክፈፎቹን ላስረክብ ስጠቀልላቸው ነው ክፍተቱን ያየሁት። አይቼም ዝም ብዬ ለሰውየው ሰጠሁት። ያን ቀን አንቺ ስትሄጂ ብቻዬን ቁጭ ብዬ መጋዙን ፈተሽኩት።»

«ታዲያ እኔን ለምን አስፈተሽከኝ?»

«እኔ ያላየሁትን ታገኚልኝ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

«ተጣሞ ነበር ስልህስ? መዋሸቴን አላወቅክም?»

አባትየው መደገፊያውን በጣቱ ዳሰሰ።

«በዓይኔ ያረጋገጥኩት ነገር ነበር» አለ። «ግን አንቺ ስትነግሪኝ ጊዜ አመንኩሽ።»

ከዚያም ከመጋዙ ፊት ገለል ብሎ ቦታውን ለቀቀላት። ሚሊ ግን የነቀለችውን ሶኬት እንደያዘች ባለችበት ቀረች።