የቅዳሜው ግጥሚያ

«አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት…»

ዓባይ ማይክሮፎኑን እፍ አለበት። ላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ የገዛ ድምፁን አጉልቶ ሲመልስለት ደነገጠ። ሾፌሩ ኩማ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የአውራጃው አስተዳደር አለቃቸው ጓድ አምባው በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አስገቡ።

«በዘጠኝ ሰዓት ሜዳ ላይ ኳስ አለ በል። ወጣቱ በሙሉ ይምጣ። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር!»

«ከማን ጋር ልበል፣ ጓድ?»

«እኔ ምን አውቄ? የአገሩ ልጅ አንተ ነህ፤ ደስ ያለህን ከተማ ጥራ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዩኒቨርሲቲው የምጽፍልህ አስተያየት በዛሬው ሥራህ ነው። ተማሪነትህ ከቀረ ደግሞ ያው አንተም ለግዳጅ የደረስክ ጎረምሳ ነህ።»

ዓባይ ጠዋት ሲመጣ ከሜዳው ጀርባ ሸራ የለበሱ ሁለት የወታደር መኪኖች ቆመው አይቷል። ኳሱ ምን ዓይነት ኳስ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር። አፈሳ ነው።

የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። ግማሹን ዓመት ክፍል ውስጥ ይማራል፣ ግማሹን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በደመወዝ ይሠራል። የትውልድ ከተማው አሰበ ተፈሪ ሲደርሰው ጓደኞቹ ቀንተውበት ነበር። እናቱ ወይዘሮ ዘውድነሽማ ልጄ ሳይመረቅ ሹም ሆነ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። «ሕዝብን ማሳተፍ» በሚባለው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። እንዲህ ዓይነቱን ተሳትፎ ግን መምህሩም አላስተማሩትም።

መኪናው ቁልቁል ወደ ገበያው ወረደ። መፍራቱን ኩማ እንዳያውቅበት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ደግሞ የአለቃ ጆሮ ነው ይባላል።

«የአሰበ ተፈሪ ወጣቶች! ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት… ከበደሳ ቡድን ጋር… የኳስ ግጥሚያ ስላለ… በሙሉ እንድትገኙ!»

ልጆች እየጮኹ መኪናውን ተከተሉት። አጥር ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች አውራ ጣታቸውን አነሱለት። አብሯቸው ተጫውቷል፤ ድምፁን ያውቁታል። ጫት ተራ ሲደርሱ ጫት ሻጯ ሰዓዲያ ከመደቧ ተነስታ መኪናውን በእጇ አስቆመች።

«ዓባይ! ወላሂ አላህ ይስጥህ! ልጄን መስዑዴን ሰሞኑን ቆልፌበት ነበር፤ ያፍሳሉ ሲሉ ፈርቼ። አሁን ያንተን ድምፅ ስሰማ ሂድ፣ ተንፈስ አልኩት። ዓባይ ካለበት ምን ይመጣል? ጫማውን እያሰረ ነው።»

«ደግ… ደግ አደረግሽ፣ እትዬ ሰዓዲያ» አለ።

ኩማ መኪናውን አንቀሳቀሰ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«የሂርናዎቹን ሰምተሃል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?» አለው።

«ሰምቻለሁ።»

«የእህቴ ልጅ ግራ መስመር ነበር።»

ያልሰማ የለም። የሂርና ቡድን ባለፈው ወር ለጨዋታ ሚኤሶ ወርዶ፣ ከነማልያው ከሜዳው ላይ ታፍሶ ተጭኖ ሄዷል። አንድም አልተመለሰም። ጮክ ብሎ የሚያወራው ባይኖርም ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ጓድ አምባው ብቻ አያውቁም፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረው የመጡት በቅርቡ ነውና፣ ለአዲስ አለቃ እንዲህ ያለውን ወሬ ማን ደፍሮ ይነግራል?

ዓባይ ኩማን በጎን አየው። ለምን ነገረኝ? እያወጣጣኝ ይሆን? ወይስ አዝኖልኝ? ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻለም። ኩማ አንዲት ቃል ለአለቃው ካደረሰ ማታ እናቱ ብቻዋን ነው ለእራት የምትቀርበው። ይህን እያሰበ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«የአሰበ ተፈሪ ወጣቶች! ማስተካከያ አለን! የዛሬው ግጥሚያ… ከሂርና ቡድን ጋር ነው! ከሂርና ቡድን ጋር!»

መኪናውን የተከተሉት ልጆች መጮኻቸውን ቀጠሉ። እዚህም አጥር ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ግን እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ከአጥሩ ጀርባ ጠፉ።

ኩማ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቀጥ አለ። ዓባይ አለቀልኝ አለ በሆዱ። ኩማ ግን መሪውን ጠምዝዞ ወደመጡበት አዞረው።

«የት ነው፣ ጋሽ ኩማ?»

«ጫት ተራ። እዚያ የሰሙት በደሳ ሲባል ነው።»

«ጓድ አምባው ቢሰሙስ?»

«ይሰማሉ እንጂ። አሁን ባይሰሙ ማታ ይነገራቸዋል።» ኩማ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እኔም ልጆች አሉኝ፣ ፈርቻለሁ። ከፈለግክ ዝም እንበልና ወደ ቢሮ እንመለስ። አስተያየትህን ይጽፉልሃል።»

ሰዓዲያ መደቧ ላይ ቆማ ታየች። ከኋላዋ መስዑድ የበረኛ ጓንቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሜዳው መንገድ ይራመዳል።

ዓባይ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው።

«ከሂርና ጋር ነው! የሂርና ልጆች በሙሉ ቀድመው ሄደው እየጠበቋችሁ ነው!»