ዌንደል ክሮግ ለፈተና የተቀመጠበት ቅዳሜ

በቶሊቨር ከተማ ዌንደል ክሮግ እጁን ያላስገባበት ጉዳይ አልነበረም። አሳማ ያረባል፣ በቆሎ ያርሳል፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር በወፍራም ድምፁ ይዘምራል። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ደግሞ የትምህርት ቦርዱ ሰብሳቢ ነው።

በዚያ ዓመት ቦርዱን አሳምኖ አዲስ ሕግ አወጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የሂሳብ ፈተና አንድ ጊዜ ተፈትኖ ሰባ ካላመጣ ዲፕሎማ አይሰጠውም። ሰውየው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ባለፈው በጋ የቀጠረው ልጅ የአረም መድኃኒቱን ከውኃ ጋር በስንት እጅ እንደሚበጠብጥ ማስላት አቅቶት አርባ ኤከር በቆሎ አቃጥሎበታል። "ዲፕሎማውን እኮ ሳሎን ሰቅሎታል!" ይል ነበር ለሰማውም ላልሰማውም።

የሙከራው ፈተና ተሰጥቶ ግማሹ ተማሪ ወደቀ። በረዶው ጉልበት በደረሰበት ሰሞን ቦርዱ ሲሰበሰብ አዳራሹ በወላጅ ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ "ጎሽ፣ ልጆቻችን ጠንክረው ይማሩ" ይላል፤ ሌላው "ላም ለሚያልበው ልጄ ይሄ ኤክስና ዋይ ምን ያደርግለታል?" ብሎ ይጮኻል። በመሀል ጄሊን ቬንዘል ብድግ አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በብየዳ የሚስተካከላት ተማሪ የለም፤ ዲፕሎማዋን ካመጣች ሊቀጥራት ቃል የገባላት የጋሪ ፋብሪካም አለ። በሙከራው ግን ሃምሳ ሁለት ነበር ያገኘችው።

"ሚስተር ክሮግ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ ልጄ።"

"እርስዎ ራስዎ ቢፈተኑ ያልፋሉ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዌንደል ደረቱን ነፋ አደረገና፣ "ዓይኔን ጨፍኜ!" አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሂሳብ መምህሯ ሚስስ ፓላሴክ ሰላሳ ዓመት አስተምራ ፈገግ ስትል ያያት ሰው አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ፈገግ አለች። "እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሰባታችሁም የቦርድ አባላት ትፈተናላችሁ። እርሳሱን እኔ አመጣለሁ።"

ቅዳሜ ግማሹ ከተማ የፖም ኬኩን ይዞ በስፖርት አዳራሹ ወንበሮች ላይ ተደረደረ። ሰባቱ የቦርድ አባላት በተማሪ ወንበር ተቀመጡ፤ የዌንደል ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ በጎን ተጋደመ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች እንደ ውኃ ጠጣቸው። አራተኛው ወደ ላይ ስለተወረወረ ኳስ ይጠይቃል። ዌንደል ኳሱ ተመልሶ እንደሚወድቅ ያውቃል፤ መቼ እንደሚወድቅ ግን አላወቀም። ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

ያለፉት ሁለት ናቸው፤ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤትና የባንኩ ጸሐፊ። ውጤቱ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የጠየቀው ራሱ ዌንደል ስለነበር ሚስስ ፓላሴክ አላዘነችለትም። "ክሮግ፣ አርባ አንድ።"

ሚስቱ ማርጎ ከኋላ ወንበር፣ "አርባ አንድ! አብረን የኖርንበትን ዘመን አመጣልኝ!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሕዝቡም አጀባት።

ዌንደል ጆሮው ፍም መስሎ ወጣና ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን ግን አላስነሳም። ስንቱ ልጅ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ እንደገባ ያን ጊዜ ነው የታሰበው። መስኮቱ ተንኳኳ። ጄሊን ናት።

"ከእርስዎ በአሥራ አንድ እበልጣለሁ" አለችው።

"ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?"

"ለሱም ነው።" ከኬኩ ቁራሽ አቀበለችው። "ደግሞም ሚስስ ፓላሴክ ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ ልታስጠናኝ ነው። ብቻዬን ስሆን ዓይኗ ያስፈራኛል። ቢመጡልኝስ?"

ዌንደል ኬኩን ጎረሰ፤ "እኔንም ታስፈራኛለች" አለ። ማክሰኞ ግን ደብተር ገዝቶ መጣ።

በቀጣዩ ስብሰባ ጓደኞቹ "ሕጉን አንሳውና ተገላገል" ብለው መከሩት።

"አላነሳውም" አለ ዌንደል። "ፈተናው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እለፉ አልኩ እንጂ ማን ያስተምራችኋል ብዬ አልጠየቅኩም።" ስለዚህ ተማሪው ሦስት ጊዜ ይሞክር፣ ከክፍል በኋላ ማስጠኛ ይኑር፣ የሚያጠኑትን ወደ ቤት የሚመልስ አውቶቡስ ይመደብ አለ። ከጥያቄዎቹም ሩቡን የብየዳው መምህር ያውጣ ሲል ሚስስ ፓላሴክ ተቆጣች፤ "ሂሳብ ሂሳብ ነው፣ በብረት አይለወጥም!" ብላ ተከራከረች። ሐሳቡ በቦርዱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ አለፈ። እሷም ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሳችው፤ ማስተማሩን ግን አላቋረጠችም።

ጥናቱ ለዌንደል ጣፈጠው። ጄሊን ብረት የምትቆርጥበትን ማዕዘን እየሳለች ስታሳየው፣ እሱ ደግሞ የአሳማ መኖ አደባለቁን እየነገረ ክፍልፋይ አስረዳት። ማርጎ አንድ ቀን ከጋጣው ድምፅ ሰምታ ብትሄድ፣ ባልዋ ለእርጉዟ አሳማ ስለ ኤክስ እያስረዳ አገኘችው። "ገብቷታል?" ብትለው፣ "ከኔ ፈጥና" አላት።

አንድ ነገር ግን አልቀናውም። የሆግላንድ ቤተሰብ ልጅ ኮርት በሙከራው ወድቆ በዚያው ትምህርቱን ትቶ ሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ሥራ ገብቶ ነበር። ዌንደል ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄደ። "አሁን ሦስት ጊዜ ይቻላል፣ ተመለስ" ቢለው ልጁ በሩን ይዞ፣ "ያኔ አንድ ጊዜ ነበር ያላችሁት፤ እኔም አንድ ጊዜ ወጣሁ" አለው። ዌንደል ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ፒክአፑ ተመለሰ።

ሜዳው አረንጓዴ ሲለብስ ፈተናው ተሰጠ። ዌንደልም ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። ሚስስ ፓላሴክ የውጤቱን ወረቀት በር ላይ ስትለጥፍ ጄሊን ቀድማ ሮጣ ደረሰች፤ ጩኸቷ መንገድ ማዶ ተሰማ። ሰማንያ አራት! ከዚያ ጣቷን ወደ ታች እያወረደች ፈልጋ፣ "ሚስተር ክሮግ፣ ሰባ ሦስት! ሰባ ሦስት!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የስድሳ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ ኮፍያውን አሽቀንጥሮ ኮሪደሩ ላይ ዘለለ፤ የጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር አጨበጨበ።

በትምህርት ቤቱ ሜዳ በተደረገው ምርቃት ዲፕሎማ የሚያድለው ራሱ ሰብሳቢው ነው። የጄሊን ተራ ሲደርስ ለሁሉም ሲናገር የዋለውን እንኳን ደስ ያለሽ ረሳው። እጇን ጨብጦ እየነቀነቀ ቆየ።

"ይልቀቁኝ እንጂ፣ ሰልፉን አቆሙት እኮ!" አለችው በሹክሹክታ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ከሜዳው ዳር ቆማ የነበረችው ሚስስ ፓላሴክ የምታጨበጭበው ከሁሉ ጮክ አድርጋ ነበር።