ጋይልስ ያልጣለው ገመድ

ባለቤቴ ጋይልስ ባለፈው ሳምንት በገዛ አልጋው ላይ አረፈ። ቀድሞ ግን አንድ ጊዜ ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በወጣትነታችን የእንግሊዝ ንግሥት የስፔኑን ልዑል አገባለሁ ስትል የእኛ አውራጃ የኬንት ሰዎች፣ ባዕድ አይገዛንም ብለው አመፁ። ጋይልስም ቀስቱን ይዞ ወደ ለንደን ዘመተና ተማረከ። ታስረው ከሰነበቱ በኋላ ወታደሮች እስረኞቹን አንገታቸው ላይ የመስቀያ ገመድ አጥልቀው፣ ሁለት ሁለት አድርገው ወደ ቤተ መንግሥቱ ነዷቸው። እርጉዝ ነበርኩ፤ እያለቀስኩ ተከተልኩት።

"አይዞሽ ቶማሲን" አለኝ፤ "ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ ሰው አትሰቅልም።"

"ዝም በል፣ አንተ ከሃዲ!" ጮኸበት ወታደሩ።

እስረኞቹ ግቢው ውስጥ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ከዚያ አንድ ሹም ወጥቶ፣ "ንግሥቲቱ ምራችኋለች!" አለ። ሰዉ ገመዱን እያወለቀ ወደ ላይ ወረወረ። የእኔው ጋይልስ ግን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

"ምን ነካህ? ጣለው እንጂ!"

"አንቺ ደግሞ! አዲስ ገመድ ይጣላል? ላማችን የታሰረችበት እኮ አልቋል።"

አንገቱ ገና ቀይ ነበር። እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሱ ስለ ባቄላው ዘር እያወራ፣ እኔ ክንዱን ይዤ፣ የኬንትን መንገድ ጀመርን።